የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አነሣሥና አወዳደቅ

የታሪክ ትምህርት የምንማረው የነገሥታትንና የጦርነትን ዘመን ለማጥናት ብቻ አይደለም። ሰው እንዴት ከፍ እንዳለና በምን ምክንያት እንደ ወደቀ ለማወቅም ነው። ስለዚህ እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች ለዚህ የበዓል መጽሔት የሩዋንዳ የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበረውን የኤሊዔዘር ንዪቴጌካን ታሪክ መርጠናል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ንዪቴጌካ በ1944 ዓ.ም. በሩዋንዳ ምዕራብ፥ በኪቩ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በኪቡዬ ግዛት ተወለደ። ሥራው ጋዜጠኛነት ነበረ፤ በሩዋንዳ ራዲዮም ዜና ያነብ ነበር። ጋዜጣ ለማንበብ የማይችል ሕዝብ በበዛበት አገር የራዲዮ ድምፅ እንደ መምህር ድምፅ ይታመናል። በ1983 ዓ.ም. ብዙ ፓርቲዎች በተፈቀዱ ጊዜ፥ ገዥውን ፓርቲ ይቃወም የነበረውን ኤም ዴ ኤር የተባለውን ፓርቲ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በኪቡዬም የፓርቲው ሊቀ መንበር ተባለ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያስነቅፍ አይደለም።

መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. የፕሬዚዳንቱ የሀቢያሪማና አውሮፕላን በኪጋሊ ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ወዲያው ቱትሲዎችንና ግድያውን የሚቃወሙትን ሁቱዎች መፍጀት ተጀመረ። በማግሥቱ ከተገደሉት መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሯ አጋት ኡዊሊንጊዪማና ነበሩ፤ እርሳቸውም የዚያው የኤም ዴ ኤር ፓርቲ ሰው ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 1 ቀን፥ ንዪቴጌካ በአዲሱ ጊዜያዊ መንግሥት የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። የፓርቲው ባልደረባ ደም ሳይደርቅ ሹመቱን ተቀበለ።

በተወለደበት በኪቡዬ ቢሴሴሮ የሚባሉ ተራሮች አሉ። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቱትሲዎች ወደዚያ ሸሽተው በድንጋይና በጦር ይከላከሉ ነበር። ግንቦት 5 ቀን ብዙ ሠራዊት በሙዪራ ኮረብታ ላይ ዘመተባቸው። ኋላ ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው፥ ሚኒስትሩ ከዘመቻው መሪዎች አንዱ ነበረ፤ በጠመንጃም ተኵሷል። ገዳዮቹንም ወደ «ሥራ» እንዲሄዱ ያዝዛቸው፥ ስለ «ሥራቸው» ያመሰግናቸው ነበር። በዚያን ጊዜ «ሥራ» ማለት ቱትሲን መግደል ነበረ። ቃልን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከቃላት ሁሉ የከበረውን ቃል ለግድያ መሸፈኛ አደረገው።

በሐምሌ ወር መንግሥቱ ፈርሶ ሹማምንቱ ተሰደዱ። ከኢትዮጵያም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም ሰላም ለማስከበር ወደ ሩዋንዳ ሄደው ነበር። ንዪቴጌካ የካቲት 2 ቀን 1991 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ተይዞ ወደ አሩሻ፥ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተወሰደ። ወንጀሉ በተፈጸመበት ጊዜ በሌላ ቦታ ነበርሁ ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ግን አልተቀበሉትም። ግንቦት 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ዘርን በማጥፋት፥ ለዚሁም በማሤር፥ ሕዝብን በግልጽ በማነሣሣትና በሌሎችም ወንጀሎች የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት። ይግባኙም በ1996 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። ቅጣቱን ይፈጽም ዘንድ ወደ ማሊ ተላከ፤ በዚያም በ2010 ዓ.ም. ሞተ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በክፍል ውስጥ ስንከራከር፥ «የማስታወቂያ ሚኒስትር የመንግሥት አፍ ነው፤ የታዘዘውን ቢናገር ምን ያድርግ?» ብለው ነበር። እኛ ግን አልተስማማንም። በመጀመሪያ፥ ሹመቱን ሲቀበል ጠቅላይ ሚኒስትሯ እንዴት እንደ ሞቱ የተሰወረ አልነበረም። ሁለተኛም፥ ወደ ኮረብታው የወጣው በገዛ እግሩ ነው። አፍ ብቻ ነኝ የሚል ሰው እጅም እንዳለው ተመልክተናል።

አባቶቻችን «ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል» ይላሉ። ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ከመካከላችን አስተማሪ፥ ጋዜጠኛ፥ ምናልባትም ሹም የሚሆን ይኖራል። አስተማሪዎቻችን ቃልን አስተካክለን እንድንጽፍ አስተምረውናል፤ ወላጆቻችንም ለዚህ ብዙ ደክመዋል። ግድያን ግድያ፥ ሥራንም ሥራ ብለን ለመጥራት እንድንበረታ እግዚአብሔር ይርዳን።