መንሥኤውና ፈውሱ፦ ስለ ፀረ ሽብሩ ጦርነት መነሻና አካሄድ

አንድ ሕንፃ በፈረሰ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ለምን ፈረሰ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይደረግ?» የሚል ነው። በሙያችን ልማድ የሁለተኛው መልስ ከአንደኛው መልስ ይወለዳል እንጂ አይቀድመውም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኒው ዮርክ መንታ ማማዎች ሲፈርሱና 3,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ ቀን ሲያልቅ እነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ። ስለ ሕንፃዎቹ የተነሣው ጥያቄ የተጓዘበት መንገድና ስለ ጦርነቱ የተነሣው ጥያቄ የተጓዘበት መንገድ ግን የተለያየ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አቅርቦ ማመዛዘን ነው።

የማማዎቹን አወዳደቅ የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራውን በ2002 ጀምሮ የመጨረሻ ዘገባውን ያወጣው በ2005 ነው። ባለሙያዎቹ ከፍርስራሹ የተሰበሰቡ 236 የብረት ቁራጮችን መረመሩ፤ ፎቶግራፎችንና ፊልሞችን አመሳከሩ፤ ከሞት የተረፉትን ጠየቁ። በ2002 የወጣው የመጀመሪያ ጥናት ወለሎቹ ከምሰሶዎቹ ተላቀው እርስ በርሳቸው ተደራርበው ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አቅርቦ ነበር። ማስረጃው ግን ሌላ አሳየ። አውሮፕላኖቹ ምሰሶዎችን ከመቁረጣቸውም በላይ ብረቱን ከእሳት የሚከላከለውን ልባስ አራገፉት፤ በሙቀት የረገቡት ወለሎች ሳይላቀቁ የውጭ ምሰሶዎችን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ምሰሶዎቹም ጎበጡ። በዚህም ሁኔታ ደቡባዊው ማማ በ56 ደቂቃ፣ ሰሜናዊው በ102 ደቂቃ ወደቀ። ልባሱ በስፋት ባይራገፍ ኖሮ ማማዎቹ ሳይወድቁ ይቀሩ እንደነበር ዘገባው ገመተ። ግምት ለማስረጃ ቦታውን ለቀቀ። ከምርመራው የተገኘውም ምክር ስለ ልባሱ አያያዝና ስለ መውጫ ደረጃዎች ብዛት የሕንፃ ደንብ እንዲለወጥ አደረገ።

የጦርነቱ ውሳኔ ሌላ መንገድ ተከተለ። ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንቱ ተጠያቂ ናቸው ብለው በሚወስኑባቸው መንግሥታት፣ ድርጅቶችና ግለሰቦች ላይ ጦር እንዲያዘምቱ ፈቀዱ። በሴኔቱ ድምፁ 98 ለ0፣ በተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ1 ነበር፤ ብቸኛዋ ተቃዋሚ የካሊፎርንያዋ ተወካይ ባርባራ ሊ ነበሩ። ለፈቃዱ የቦታም ሆነ የጊዜ ወሰን አልተበጀለትም። ኦክቶበር 7 ቀን በአፍጋኒስታን ላይ ጦርነት ተከፈተ። አልቃይዳ የተጠለለው በዚያ ስለነበር «ጠላቱ ማን ነው?» በሚለው ላይ ክርክሩ ብዙ አልበረታም። የበረታው «ይህ ጠላት ለምን ተነሣ?» በሚለው ላይ ነው።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሴፕቴምበር 20 ቀን ለምክር ቤቶቹ ባሰሙት ንግግር የጥላቻው ምንጭ የአሜሪካ ነፃነት መሆኑን ተናገሩ። ሌሎች ደግሞ ኦሳማ ቢን ላደን በ1996 እና በ1998 ያወጣቸውን መግለጫዎች በማመልከት የአሜሪካ ጦር በሳዑዲ ዓረቢያ መስፈሩን፣ በኢራቅ ላይ የተጣለውን ማዕቀብና የፍልስጤምን ጉዳይ ጠቀሱ። ከ1979 እስከ 1989 ሶቪየቶችን ለመውጋት በአሜሪካ፣ በሳዑዲና በፓኪስታን ድጋፍ የታጠቀው ኃይል ከጦርነቱ በኋላ ሥርዓት ባለው መንግሥት ሥር አለመሰብሰቡንም አስታወሱ። እንዲህ ያሉት ሰዎች ለነፍሰ ገዳዮች ጥብቅና ቆመዋል ተብለው ተወቀሱ። ወቀሳው ግን ተገቢ አይደለም፤ ምሰሶው ቀጭን ነበር የሚል መሐንዲስ ሕንፃው እንዲፈርስ የተመኘ አይደለም። የወንጀሉ ተጠያቂ ፈጻሚው ነው፤ መንሥኤውን ማወቅ የሚጠቅመው ግን ነገ ሊጠቁ የሚችሉትን ነው።

መንሥኤው በቅጡ ሳይመረመር የሚወሰድ እርምጃ ማስረጃውን ራሱን እንደሚያበላሽ የኢራቅ ጦርነት አሳይቷል። በ2001 መጨረሻ የተያዘው ኢብን አልሼክ አልሊቢ ለግብፅ ተላልፎ በተመረመረ ጊዜ፣ ኢራቅ ለአልቃይዳ ሰዎች የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች አለ። ይህም ቃል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ለጸጥታው ምክር ቤት ባሰሙት ንግግር ውስጥ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎች ኃላፊ ሐንስ ብሊክስ ማርች 7 ቀን ሥራቸው ወራትን እንደሚጠይቅ አስረዱ፤ ከ13 ቀናት በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። በ2004 አልሊቢ ቃሉን የሰጠው ከሥቃይ ለመዳን መሆኑን ገልጦ ካደ። በዚያው ዓመት የሴፕቴምበር 11 መርማሪ ኮሚሽን በኢራቅና በአልቃይዳ መካከል የተግባር ትብብር መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አለማግኘቱን አስታወቀ፤ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም። ሥቃይ እንደ ተዛባ ሚዛን ነው፤ የሚያሳየው የዕቃውን ክብደት ሳይሆን የመዛኙን ፍላጎት ነው። በሰብአዊነት የተወገዘው ይህ አሠራር በመለኪያነቱም ውድቅ ነው።

የጦርነቱ ደጋፊዎች ክርክርም ሊደመጥ ይገባል። መሐንዲስ የሚመረምረው የወደቀ ሕንፃ ነው፤ መንግሥት ግን ሰዎች ገና በውስጡ ያሉበት የሚነድ ቤት ገጥሞታል ይላሉ። በአሜሪካ ምድር የዚያን ያህል ጥቃት አለመደገሙን፣ ቢን ላደን በሜይ 2011 መገደሉን፣ አይሲስም በማርች 2019 የመጨረሻ ይዞታውን ማጣቱን ያስረዳሉ። ይህ አይካድም፤ እሳት ማጥፋት ምርመራ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ኢራቅ በዚያን ጊዜ የሚነድ ቤት አልነበረችም። በጁን 2014 ሞሱልን የያዘው አይሲስ የበቀለው ከወረራው በኋላ በኢራቅ ከተደራጀው የአልቃይዳ ቅርንጫፍ ነው። በአፍጋኒስታንም 20 ዓመት ያህል ከተዋጉ በኋላ ኦገስት 15 ቀን 2021 ታሊባን ካቡል ተመልሶ ገባ።

ጉዳዩ ከእኛም ደጅ የራቀ አይደለም። በዲሴምበር 2006 የኢትዮጵያ ጦር የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትን ወግቶ ሞቃዲሾ ደረሰ። መንግሥት የኅብረቱን የጂሃድ ዐዋጅና በአገር ደኅንነት ላይ የተደቀነውን ሥጋት በምክንያትነት አቀረበ፤ ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ዘመቻው የሚፈራውን ኃይል ያጠናክረዋል አሉ። ጦሩ በጃንዋሪ 2009 ሲወጣ፣ ከኅብረቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ አሕመድ በዚያው ወር የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በኅብረቱ ጥላ ሥር የነበረው አልሸባብ ግን ገንኖ በፌብሩዋሪ 2012 ከአልቃይዳ ጋር መዋሐዱን አስታወቀ። በኤፕሪል 2015 በሊቢያ አይሲስ ወገኖቻችንን በገደለ ጊዜ ደግሞ ሥጋቱ የፈጠራ ወሬ አለመሆኑን በኀዘን አረጋገጥን። እንግዲያውስ የሚጠቅመው ጥያቄ «ሥጋት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ሳይሆን «እርምጃው መንሥኤውን ይነካዋል ወይ?» የሚለው ነው።

የማማዎቹ ምርመራ ሦስት ዓመት ፈጅቶ ለሕዝብ ቀረበ። በብሪታንያ የኢራቅን ጦርነት የመረመረው የቺልኮት ኮሚሽን ዘገባ የወጣው ግን ጦርነቱ በተጀመረ በ13ኛው ዓመት፣ በ2016 ነው፤ ሰላማዊ አማራጮች ተሟጠው ሳያልቁ ወደ ጦርነት መገባቱንም ገለጠ። ዘገባው ለሙታኑ አልደረሰላቸውም። ከሙያችን ለአገር ጉዳይ የምናበረክተው አንድ ልማድ ቢኖር፣ ውሳኔ ሰጪን «በምን ማስረጃ? ማስረጃውስ እንዴት ተገኘ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለብረትና ለሲሚንቶ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ደም ልንነፍገው አይገባንም።