ዝርዝር

ዝርዝር፦ ትልቅ ገንዘብ ተመንዝሮ የሚገኝ ትናንሽ ሳንቲም። በሐረርጌ ገበያዎች የዞረው ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝን ስለነበር ለጥቃቅን ግብይት አይመችም፤ ስለዚህ አሞሌ ጨውና ጥይት በአገሪቱ ዝርዝር ሆነው አገልግለዋል።

ጦርነት ሲመጣ ሳንቲም ይጠፋል፤ ሕዝቡ ይደብቀዋል፣ ብረቱም ለጦር መሣሪያ ይፈለጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ከተሞች ንግድ ምክር ቤቶች የራሳቸውን ምትክ ገንዘብ አወጡ። የጂቡቲው ንግድ ምክር ቤትም በ1920 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አደረገ።

እንዲህ ያለው ምትክ ዋጋው ከብረቱ ሳይሆን ከሰጪው ቃል ነው፤ ያወጣው ነጋዴ መልሶ መቀበል አለበት። ዛሬም በመልስ ፋንታ ማስቲካ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ደንበኛው ያንኑ ማስቲካ ሲከፍለው ሊቀበል ይገባዋል።