የድረ ገጽ ጥበቃ፦ የደኅንነት ተሰኪዎች ጥቅምና የባለቤቱ ድርሻ

በአሁኑ ጊዜ ብዙ አጥቢያዎች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ትምህርታቸውንና ዜናቸውን የሚያደርሱት በድረ ገጽ ነው። ከሀገር ርቀው የሚኖሩ ምእመናንም የጉባኤውን መርሐ ግብር የሚያዩት፣ አስተዋጽኦ የሚልኩበትን የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያገኙት ከዚያው ነው። እንዲህ ያለው ገጽ በመረጃ መንታፊ እጅ ሲወድቅ የሚጠፋው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ቁጥሩ በሌላ ቁጥር ቢተካ ለሕንፃ ማሠሪያ የተሰጠው ገንዘብ ወደ ሌባ ኪስ ይገባል፤ ያልተባለ ቃል በአጥቢያው ስም ቢጻፍም አንባቢው ስሙን አምኖ ይቀበለዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ድረ ገጾች እንዴት እንደሚጠቁ፣ የደኅንነት ተሰኪዎች ምን እንደሚሠሩ፣ ለባለቤቱም ምን ድርሻ እንደሚቀር በአጭሩ እናያለን።

ዎርድፕሬስና ተሰኪ

ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ተሰኪ (ፕለጊን) የምንለው ደግሞ በዚህ መሥሪያ ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ የፎቶ ማሳያ፣ ሌላው የመመዝገቢያ ቅጽ፣ ሌላው የጥበቃ አገልግሎት ይጨምራል። በዎርድፕሬስ ይፋዊ ማከማቻ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ነጻ ተሰኪዎች ይገኛሉ።

ጥቃቱ የሚመጣበት መንገድ

«የእኛን ትንሽ ገጽ ማን ይፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በር የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ቀንና ሌሊት ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ፕሮግራም ነው፤ ትንሽና ትልቅ አይለይም። የተከፈተ በር ካገኘ ገጹን የማታለያ መልእክት መላኪያ ወይም የሐሰት ባንክ ገጽ መደበቂያ ያደርገዋል።

የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በሺህ የሚቆጠሩ የይለፍ ቃላትን እየቀያየረ መሞከር ነው። ሁለተኛው በፕሮግራሙ ውስጥ ባለ ስሕተት ሾልኮ መግባት ነው።

ለሁለተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነው ጥሩ ማስረጃ ነው። በዎርድፕሬስ 4.7 እና 4.7.1 ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል የገጽን ጽሑፍ እንዲለውጥ የሚያስችል ስሕተት ተገኘ። ማስተካከያው በጃንዋሪ 26 ወጣ፤ ባለቤቶች ጊዜ እንዲያገኙ ታስቦም የስሕተቱ ዝርዝር እስከ ፌብሩዋሪ 1 ሳይነገር ቆየ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታደሱ ድረ ገጾች ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ገጾች ተበላሹ። የይለፍ ቃላቸው ጠንካራ መሆኑ አላዳናቸውም፤ የዳኑት የታደሱት ናቸው።

የደኅንነት ተሰኪዎች ምን ይሠራሉ?

ወርድፌንስ፣ ሱኩሪና ሶሊድ ሴኩሪቲ ከታወቁት መካከል ናቸው። አሠራራቸው ቢለያይም ዋና ዋና ተግባሮቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

• የመግቢያ ሙከራን መገደብ፦ የይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚስተውን ለተወሰነ ጊዜ ማገድ።
• ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፦ ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ ላይ የሚታይ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር መጠየቅ።
• ፍተሻ፦ የድረ ገጹን ፋይሎች ከዋናው የዎርድፕሬስ ቅጂ ጋር እያነጻጸሩ የተለወጠውን ማመልከት።
• ፋየርዎል፦ የታወቁ የጥቃት ዓይነቶችን ከመግባታቸው በፊት መመለስ።

ጠባቂውም ወሰን አለው

የተሰኪዎቹን ወሰን አለማወቅ ያዘናጋል። ለምሳሌ የወርድፌንስ ነጻ ቅጂ አዳዲስ የፋየርዎል ደንቦችን የሚያገኘው ከሚከፈልበት ቅጂ 30 ቀናት ዘግይቶ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ያልታደሰ ተሰኪ ያለው ገጽ ለአዲስ ጥቃት ሊጋለጥ ይችላል።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ተሰኪ ራሱ አንድ ተጨማሪ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ700 ሺህ በሚበልጡ ድረ ገጾች ላይ የነበረው «ፋይል ማኔጀር» የተባለ ተሰኪ ማንም ጎጂ ፋይል እንዲያስገባ የሚፈቅድ ስሕተት ተገኝቶበታል። በ2017 ደግሞ 200 ሺህ ያህል ድረ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረው «ዲስፕሌይ ዊጅትስ» ለሌላ ባለቤት ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም የማስታወቂያ ጽሑፍ በስውር የሚያስገባ ኮድ ጨመረበት። ጽሑፉ ለጎብኚ ይታያል እንጂ በአስተዳዳሪነት ለገባ ሰው አይታይም ነበር፤ በዚህም የገጹ ባለቤት በገዛ ቤቱ የሚደረገውን ሳያውቅ ይቆያል። የሚከፈልበትን ተሰኪ ተሰብሮ በነጻ ከተለቀቀበት ቦታ ማውረድም የተደበቀ መግቢያን በገዛ እጅ እንደ መትከል ነው።

የባለቤቱ ድርሻ

1. ዎርድፕሬስን፣ ተሰኪዎችንና የገጽ ቅርጾችን ሳይዘገዩ ማደስ። ከ5.5 ጀምሮ ተሰኪዎች በራሳቸው እንዲታደሱ ማዘዝ ይቻላል።
2. የማይሠራባቸውን ተሰኪዎች ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ማስወገድ።
3. ለእያንዳንዱ አገልጋይ የራሱን መለያ መስጠት፤ ጽሑፍ ለሚያወጣ ሰው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን አለመስጠት፤ አገልግሎቱን የተወ ሰው መለያም በዕለቱ እንዲዘጋ ማድረግ።
4. መጠባበቂያ ቅጂ በየጊዜው ወስዶ ከድረ ገጹ ሰርቨር ውጭ ማስቀመጥ፤ መመለሱንም አስቀድሞ መሞከር። በዚያው ሰርቨር የተቀመጠ ቅጂ ከገጹ ጋር አብሮ ይጠፋል።
5. የድረ ገጹን ስምና የሰርቨሩን ኪራይ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ኢሜይል ሳይሆን በተቋሙ ኢሜይል ማስመዝገብ፤ ቁልፉንም ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች እንዲያውቁት ማድረግ።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ገጹን የሠራው ወንድም ወይም እኅት ወደ ሌላ ሀገር ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድሰው የለም።

ጥቃት ቢደርስ

የተለወጠውን ጽሑፍ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የገባው ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ስውር መግቢያ ትቶ ሊሆን ይችላልና። ገጹን ለጊዜው መዝጋት፣ ለሰርቨሩ አከራይ ማሳወቅ፣ ከጥቃቱ በፊት ከተወሰደ ቅጂ መመለስ፣ ወዲያውኑ ማደስ፣ የይለፍ ቃላትን ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል። የሒሳብ ቁጥር ተለውጦ ከነበረም ለምእመናን በግልጽ መናገርና ለባንኩ ማመልከት ይገባል፤ በኀፍረት የተሸሸገ ጥቃት የሚጎዳው ሰጪውን ነውና። በሀገራችን ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ የጥቃቱን ምልክቶች ሳያጠፉ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል።

በአጠቃላይ የደኅንነት ተሰኪ መልካም ዘበኛ ነው። ቅጥሩ በፈረሰበት፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅበት ግቢ ግን ዘበኛ ብቻውን ምንም አያደርግም። ስለዚህ የአጥቢያ ኃላፊዎች ሌላ ተሰኪ ከመጨመራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው፦ ድረ ገጻችንን በየሳምንቱ የሚያየውና የሚያድሰው ማን ነው? መልሱ የሰው ስም ካልሆነ ጥበቃው ገና አልተጀመረም።