በላቦራቶሪ የሚሠራውን የላም ፅንስ ስለ መምረጥ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የላም ፅንስ በላቦራቶሪ እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ብቻ አይደለም፤ ከተሠሩት መካከል ለመወለድ የሚበቃው የትኛው እንደ ሆነ ሊቃውንት በምን እንደሚለዩትም ጭምር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፅንስን ከአንዲት እናት ወደ ሌላይቱ ማሕፀን ማዛወር የተጀመረው በ1890 ሲሆን፥ ይህን በጥንቸሎች የፈጸመው እንግሊዛዊው ዋልተር ሂፕ ነበር። በዚሁ መንገድ የመጀመሪያው ጥጃ የተወለደው ግን ከ60 ዓመት በኋላ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ነው። በ1981 ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሰውነት ውጭ ከተዳቀለ ዕንቁላል ጥጃ አስወለዱ።

ፅንሱን መሥራት እየቀለለ ሲሄድ መምረጡ ከባድ ሆነ። ከላሚቱ የተወሰዱት ዕንቁላሎች አንድ ቀን ያህል እንዲበስሉ ይደረጋል፤ ከኮርማ ዘር ጋር ከተገናኙ በኋላም ሙቀቱ በተመጠነ ሣጥን ውስጥ 7 ቀን ያህል ይቆያሉ። ለመዛወር ከሚበቁበት ደረጃ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው መራጭ ሣጥኑ ራሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መራጭ የሰው ዓይን ነው። በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፅንስ ማዛወር ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት ፅንሱ ከ1 እስከ 4 ይመደባል፤ ይኸውም 1 መልካም፥ 2 መካከለኛ፥ 3 ደካማ፥ 4 የሞተ ወይም የፈረሰ ማለት ነው። መርማሪው በማይክሮስኮፕ የፅንሱን ቅርጽ፥ የሕዋሳቱን መያያዝና ቀለም፥ ዕድገቱም ከዕድሜው ጋር መስማማቱን ይመለከታል።

ነገር ግን ዓይን የሚያየው መልክን እንጂ ሕይወትን አይደለም። የክሮሞሶም ጉድለት ከውጭ አይታይም። በላቦራቶሪ ያደገ ፅንስም ስብ ስለሚበዛበት ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል፤ ይህም ፍርዱን ያስቸግራል። ስለዚህ 1 የተባለው ጠፍቶ 2 የተባለው ጥጃ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሕዋሳት ወስዶ የዘር ባሕርይን መመርመርና የሕዋሳቱን መከፋፈል በተከታታይ ፎቶግራፍ መጠባበቅ የተጨመሩትም ለዚህ ነው፤ ሆኖም የዓይኑ ደንብ አልተተወም።

ስሕተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። ደካማው ቢመረጥ ተቀባይቱ ላም ሳትፀንስ ትቀራለች፤ ባለቤቷም ገንዘቡንና ቢያንስ የ3 ሳምንት ዑደት ያጣል። ብርቱው ቢጣል ግን የጠፋው ጥጃ ከቶ አይታወቅም። ይህ ሁለተኛው ስሕተት በማናቸውም መዝገብ ስለማይጻፍ የባሰ ነው።

በ2016 በላቦራቶሪ የተሠሩት ፅንሶች ከላሞች ማሕፀን ታጥበው ከሚወጡት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ። እንግዲህ እኛ እንደሚመስለን፥ በዚህ ጥበብ ታሪክ መሥራት መለየትን ቀድሞ ሄዷል። ለፅንስ የሚሰጠው ቁጥር ግምት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ስላልሆነ፥ ከተወለዱት ጥጆች ቁጥር ጋር ዘወትር ሊመዛዘን ይገባዋል።