ክፍት ቦታና ዜሮ

አይ.ቢ.ኤም. ኤ.ኤስ./400 የተባለውን መካከለኛ የንግድ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያወጣ፣ በአር.ፒ.ጂ. ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በተሰናከለ ጊዜ መሐንዲሱ የሚገልጠው በወረቀት የታተመውን የፕሮግራም ዝርዝር ነበር። ከዚያ የመስመር ቁጥር መርጦ ማቆሚያ ያኖራል፤ ሊያየው የሚሻውንም ተለዋዋጭ በስሙ ይጠራል። ያልተጠራው በማቆሚያው ላይ አይታይም።

ባልደረቦቻችን በሚገባ የሚያውቁት ሕመም የአሥርዮሽ ስሕተት ነው። በጥቅል የተቀመጠ ቁጥር በአንድ ባይት ሁለት አኃዝ ይይዛል፤ የመጨረሻው ግማሽ ባይት ግን የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ነው። በዚያን ዘመን አር.ፒ.ጂ. የዳታ መዋቅር ክፍሎች፣ ካልታዘዙ በቀር፣ ሥራ የሚጀምሩት በዜሮ ሳይሆን በክፍት ቦታ ተሞልተው ነበር። የክፍት ቦታ ኮድ በአሥራ ስድስት ቤት አኃዝ 40 ነው፤ ስለዚህ በምልክቱ ስፍራ 0 ይገኛል፤ 0 ደግሞ ምልክት ሊሆን አይችልም። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ድምር ላይ ይቆማል። ዋጋው በአሥራ ስድስት ቤት እንዲታይ ያዘዘ ሰው በሦስት ባይት ስፍራ 404040ን ሲያይ ነገሩ ይገለጥለታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 አር.ፒ.ጂ. አራት ሲመጣ ማረሚያው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ራሱን በስክሪን ያሳይ ጀመር፤ ጠቋሚውን በተለዋዋጩ ስም ላይ አኑሮ ኤፍ11ን መጫን በቃ። እኔ ግን ይበልጥ የማደንቀው ቀድሞም የነበረውን ጥንቃቄ ነው፤ ማረሚያው ሲከፈት ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር በሥራ ላይ ያሉ ፋይሎች እንዲለወጡ አይፈቅድም፤ ይኸውም የሠራተኛው የደመወዝ መዝገብ በስሕተት ፍለጋ መካከል እንዳይናጋ ነው።