የጠፋው አምፖል

የውኃ ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተር ለመሆን ስሠለጥን ከሁሉ የከበደኝ የመሣሪያዎቹን ስም መሸምደድ አልነበረም፤ የጠቋሚውን ቃል መጠራጠር ነበር። ይህ ጥርጣሬ በውድ ዋጋ የተገዛ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሁለተኛ ሪአክተር የውኃ ፓምፖች ቆሙ። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ፤ መዘጋት ሲገባውም እንደተከፈተ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ግን አምፖሉ ጠፍቷል። ለካስ አምፖሉ የሚናገረው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን ነው እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አይደለም! ኦፕሬተሮቹ ውኃው የሞላ መስሏቸው የአደጋ ጊዜውን ውኃ ቀነሱት። ቫልቩ ከ2 ሰዓት በላይ ሲያፈስ ቆየ፤ ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ሰዎቹን ሰነፎች ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልልም። ግፊት መቆጣጠሪያው ጋን በውኃ እንዳይሞላ አጥብቀው ተምረዋል፤ ያደረጉትም የተማሩትን ነው። ደግሞስ በ1977 ኦሃዮ ውስጥ፣ በዴቪስ ቤሲ፣ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ አልነበረም? ወሬው ሳይደርሳቸው ቀረ።

ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙት፣ በሒሳብ ሊቁ ጆን ኬሜኒ የሚመራው ኮሚሽን ሥልጠናውን አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያ ወዲህ የኑክሌር ኦፕሬተሮች የገዛ መቆጣጠሪያ ክፍላቸውን በሚመስል ሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ተደረገ። አስተማሪው ተደብቆ ቫልቭ ያበላሻል፤ ሠልጣኙ አምፖሉን ትቶ ግፊቱን፣ ሙቀቱንና የውኃውን መጠን እያስተያየ ይፈልገዋል።