የተማሪው ቃልና የትምህርት ቤቱ ደጃፍ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ብሂል ለብዙ ዘመን የወላጆችና የመምህራን የመጨረሻ መልስ ሆኖ ኖሯል። ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ሊማር ነውና በዚያ ሳለ ከአንደበቱ ይልቅ ጆሮው ይሥራ የሚለው አስተሳሰብ ግን በአገራችን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ይኸው አስተሳሰብ ከሕግ አደባባይ ቀርቦ በሰፊው የተሞገተው በአሜሪካ ነው። ከ1940 እስከ 1988 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያች አገር ፍርድ ቤቶች የተደረገው ክርክር በጥሞና ሲመረመር፣ ተማሪ የመናገር መብት አለው ወይስ የለውም ከሚለው ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ ቆሞ ይታያል። ይኸውም፦ ምክንያት የማቅረብ ግዴታ ያለበት ማን ነው? የተናገረው ልጅ ወይስ ዝም በል ያለው ትምህርት ቤት?

ነገሩ የጀመረው በንግግር ሳይሆን በዝምታ ነው። በፔንሲልቬኒያ ግዛት በማይነርስቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩ፣ የይሖዋ ምሥክሮች እምነት ተከታዮች የሆኑ እኅትና ወንድም፣ ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ መስጠት ሃይማኖታችን አይፈቅድልንም በማለታቸው በ1935 ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጉዳዩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 በ8 ለ1 ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ተፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ነበሩ። ከዚህም በኋላ በልዩ ልዩ ከተሞች በእምነቱ ተከታዮች ላይ ድብደባና ቃጠሎ ደረሰ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ አገሪቱ በታላቁ ጦርነት መካከል ሳለች፣ ከዌስት ቨርጂኒያ የመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ ለዚያው ፍርድ ቤት ቀረበና ጁን 14 ቀን 1943 የቀድሞው ፍርድ በ6 ለ3 ድምፅ ተሻረ። በዚህ ጊዜ ፍርዱን ጽፈው መንግሥት የልጅን አንደበት አስገድዶ ሊያናግር አይችልም ያሉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውን ከለወጡት ሦስት ዳኞች አንዱ ሁጎ ብላክ ነበሩ። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አለመናገር መብት ሆነ ማለት ግን መናገርም መብት ሆነ ማለት አልነበረም። ለዚህ ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያውን ያስገኙት፣ ታሪክ እምብዛም የማያነሣቸው የሚሲሲፒ ጥቁር ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ግዛት ፊላደልፊያ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ በ1964 ክረምት ለሲቪል መብት የሚታገሉ ሦስት ወጣቶች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር፣ ግድያው ገና ትኩስ ሳለ፣ የከተማይቱ ጥቁር ተማሪዎች «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክብ ምልክት በደረታቸው ላይ ሰክተው ትምህርት ቤት ገቡ። ዲሬክተሩ ምልክቱን ከለከሉ፤ ያላወለቁትንም ወደ ቤታቸው ሰደዱ። በፍርድ ቤት ሲጠየቁም፣ ልጆቹ የተባረሩት ትምህርት ስላወኩ ሳይሆን ደንብ ስለጣሱ መሆኑን ራሳቸው መሰከሩ። ነገሩ የተፈታው በዚህ ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1966 የአካባቢው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የትምህርት ቤቱን ሥራ በእውነትና በከፍተኛ ደረጃ የማያውክ ንግግር ሊከለከል አይገባም ሲል ለተማሪዎቹ ፈረደ። ይኸው ፍርድ ቤት በዚያው ቀን፣ በዚያው በሚሲሲፒ በሌላ ትምህርት ቤት ስለ ተነሣ ተመሳሳይ የምልክት ጉዳይ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በዚያኛው ተማሪዎች ምልክቱን በሌሎች ደረት ላይ በግድ ይሰኩ፣ በየመተላለፊያውም ሁከት ያስነሡ ነበርና። ምልክቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱ የተፈጸመው ድርጊት ነበር። እንዲህ ያለ ጥንድ ፍርድ፣ ስለ መለኪያው ከሚጻፍ ረጅም ሐተታ ይበልጥ ያስረዳል።

ዓለም የሚያውቀው ግን በአዮዋ ግዛት በዴሞይን ከተማ የተነሣውን ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 1965 ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ሐዘናቸውን ለመግለጥና የተኩስ ማቆም ጥሪውን ለመደገፍ በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ለማሰር ተስማሙ። የትምህርት ቤቶቹ ዲሬክተሮች ይህን እንደ ሰሙ ተሰብስበው፣ ጨርቅ ያሰረ እንዲፈታ፣ እምቢ ካለም እንዲታገድ ደንብ አወጡ። ዲሴምበር 16 ቀን የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከርና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤክሃርት፣ በማግሥቱም የሜሪ ቤት ወንድም የ15 ዓመቱ ጆን ጨርቁን አስረው ሄዱ፤ ታገዱም። ከ18,000 ተማሪዎች መካከል የታገዱት አምስት ብቻ ነበሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያው ከተማ ትምህርት ቤቶች የምርጫ ዘመቻ ምልክት የሚያደርጉ፣ ከነዚህም አልፎ የናዚዎች መታወቂያ ሆኖ የነበረውን የብረት መስቀል የሚያንጠለጥሉ ተማሪዎች አለመከልከላቸው ነው። ተለይቶ የተከለከለው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የሚሲሲፒውን መለኪያ አልከተልም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። የይግባኙ ዳኞችም እኩል ለእኩል ስለ ተከፈሉ ያው ፍርድ ጸና። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969 በ7 ለ2 ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ። ዳኛ ኤብ ፎርታስ በጻፉት ፍርድ፣ ተማሪም መምህርም የመናገር መብታቸውን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥለው አይገቡም፤ ሁከት ይነሣ ይሆናል የሚል ስጋት ብቻውን ልጅን ዝም ለማሰኘት በቂ ምክንያት አይደለም። ስለዚህም ምክንያት የማቅረቡ ሸክም ከልጁ ትከሻ ወርዶ በትምህርት ቤቱ ላይ ተጫነ።

በተቃውሞ ከቆሙት ሁለት ዳኞች አንዱ፣ በ1943 ለሕፃናቱ የፈረዱትና የመናገርን ነጻነት በመጠበቅ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የ82 ዓመቱ ሁጎ ብላክ መሆናቸው ብዙዎችን አስገረመ። ሕዝብ ግብር የሚከፍለው ልጆች እንዲማሩ እንጂ እንዲያስተምሩ አይደለም ሲሉ አምርረው ጻፉ። ይህ በሌላ ቋንቋ የተነገረ የእኛው የቡኮ ብሂል ነው። የሽማግሌውን ቃል እንደ ግትርነት ብቻ መቁጠር ግን ተገቢ አይመስለኝም። ከጨርቁ የተነሣ የአንድ የሒሳብ መምህር ክፍለ ጊዜ በክርክር መበላሸቱን ከመዝገቡ አውጥተው አሳይተዋል። ሆኖም የተበላሸ አንድ ክፍለ ጊዜ በሕግ ፊት ስንት እንደሚመዝን አልነገሩንም።

ሸክሙ በትምህርት ቤቱ ትከሻ ላይ ብዙ አልቆየም። በ1983 በሚዙሪ ግዛት በሄዝልዉድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ስለ እርጉዝ ተማሪዎችና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ታሪኮችን ይዞ ሊወጣ ሲል፣ ዲሬክተሩ ሁለት ሙሉ ገጾች አስወጡ። ልጃገረዶቹ ስማቸው ቢለወጥም ሊታወቁ ይችላሉ፤ በፍቺው ታሪክ የተወቀሰው አባትም መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም ሲሉ ያቀረቡት ምክንያት ክብደት የሌለው አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988 በ5 ለ3 ድምፅ፣ ትምህርት ቤት በስሙ የሚወጣውን ጽሑፍ ከትምህርት ዓላማ ጋር የተያያዘ ምክንያት እስካለው ድረስ ሊያርም ይችላል ብሎ ፈረደ። እኔን የሚከነክነኝ እርማቱ ሳይሆን አኳኋኑ ነው። በእኛ ቅኔ ቤትም መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ቅኔ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ይጥላልም፤ ይህን የሚያደርገው ግን ደቀ መዝሙሩ ፊቱ ሆኖ እየሰማው ነው። የሄዝልዉድ ልጆች ገጾቹ መጥፋታቸውን ያወቁት ጋዜጣው ታትሞ ሲመጣላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ2021 አንዲት ተማሪ በዕረፍት ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ ሆና በስናፕቻት የላከችውን የብልግና ቃል በሚመለከት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ለልጅቱ ሲፈርድ፣ ትምህርት ቤት ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሥልጣን የጠበበ መሆኑን አመልክቷል። ጥያቄው እንግዲህ ከደጃፉ አልፎ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት የሚመለከተውን የ1989 ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1991 ተቀብላለች፤ አሜሪካ ግን ብትፈርምም እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ሕፃን ሐሳቡን በነጻ የመግለጥ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 29 ይህን መብት ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ዕድሜ አልወሰነም። ከደንብ ጠባቂው ዲሬክተርና ከዝምተኛው ልጅ መካከል ምክንያቱን አስቀድሞ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም ጽሑፎች በየትምህርት ቤታችን ላለን ሰዎች ትተውታል።